እንግዳ አይሸነፍም

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ከባጃጅ ጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ ታፔላው ከበሩ የሚሰፋ አንድ ክፍል ቤት አለ። ታፔላው «ቲጃኒ ዓለም አቀፍ የስፖርት ማኔጅመንት፣ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ወኪልና የወዳጅነት ጨዋታዎች አዘጋጅ» ይላል። ከጽሑፉ የተረፈ ቦታ ስለነበር ሠዓሊው በራሱ ፈቃድ አንድ ኳስና አንድ አውሮፕላን ጨምሮበታል። ኳሱ ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። ቲጃኒ «ልክ ነው ይሄ?» ቢለው፣ ሠዓሊው «ቅርብ ያለ ነገር ትልቅ ሆኖ ነው የሚታይ» አለው። ቲጃኒ መልሱን ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛ ሁሉ የራሱ አባባል አድርጎ ይናገረው ጀመር። ደንበኛ ሲኖር ማለት ነው።

ቲጃኒ ድሮ የቡና ደላላ ነበር። ከሊሙ እስከ ጌራ ያልረገጠው ማሳ፣ ያላሸተተው ጀንፈል ቡና የለም። ኋላ ገበሬውም ነጋዴውም ስልክ ያዘና በቀጥታ መነጋገር ጀመረ፤ መሃል ላይ የሚቆም ሰው ትርፍ ሆነ። ቲጃኒ ደግሞ መሃል ላይ ከመቆም በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ መሃል ፈለገ። በጅማ ኳስ ተጫዋችና በውጭ አገር ክለብ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አገኘ። ለምን ባዶ እንደሆነ አልጠየቀም።

ድርጅቱ ሦስት ተጫዋቾች ይዞ ተነሣ። አንዱ የባንክ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ አንዱ ሚስት አግብቶ ሰቃ ወረዳ ገባ። የቀረው ቦና ነው።

ቦና ግን ቦና ነው። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ቤቷ የገባች ያህል ትረጋጋለች። የአጋሮ ልጅ ነው፤ ወላጆቹን ገና በሕፃንነቱ ስላጣ ያሳደጉት አያቱ ሐጂ ጠሃ ናቸው። ሐጂ ጠሃ በአጋሮ ሽማግሌዎች መካከል ሲናገሩ ሌላው የሚያዳምጣቸው፣ ዝም ሲሉም ሌላው የሚጨነቅላቸው ሰው ናቸው። ኳስን አይጠሉም። «ልጅ ነው፣ ይሩጥ» ይላሉ። ግን ሩጫው ማብቂያ እንዲኖረው ይፈልጋሉ፤ ለቲጃኒም ቁርጡን ነግረውታል።

«ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ እስኪገባ ልጁ ያንተ ነው። ጥር ካለቀ ግን ማሳው ላይ ያረጀውን ቡና የሚጎነድል ክንድ እፈልጋለሁ። ያንተ ክለብ እስከዚያ ከመጣ መጣ።»

ቦና ማሳ ከገባ ዓለም አቀፉ ድርጅት የሚወክለው ሰው አይኖረውም። ቲጃኒም ይህን ያውቃል፤ ሲሃምም ታውቃለች። ሲሃም የእህቱ ልጅ ናት፤ ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ስልክ የምታነሳው፣ ስልክ ሳይጠራ ሲውል ደግሞ ቲጃኒን የምትታዘበው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ልጁን ለሙከራ ለምን አንልከውም?» አለችው አንድ ቀን።

«ትልቅ ገዢ ናሙና አይልኩለትም፣ ልጄ። ማሳው ድረስ ያመጡታል። እሸቱን ዛፉ ላይ ያየ ሰው እጁን ይዘረጋል።»

እናም ክለቡን ወደ ቦና ለማምጣት ቆረጠ። ለዚህ የወዳጅነት ጨዋታ የሚባል ነገር አለ። ከብዙ ደብዳቤና ከብዙ ዝምታ በኋላ ከጅቡቲ «ነጭ ሞገድ» የተባለ ክለብ መልስ ሰጠ። የክለቡ ኃላፊ ኡመይር ይባላል። አማርኛ ይናገራል፤ የተማረው ግን ወደብ ከሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ፣ ሰላምታው ራሱ ጎማ የፈነዳበት ሰው ንግግር ይመስላል።

«ስማ ቲጃኒ» አለ በስልክ። «ባለፈው ዓመት አንድ አገር ሄደን ድንጋይ ተወረወረብን። የልጆቼን ደህንነትና ክብር የሚጠብቅ ካለ እመጣለሁ። ከሌለ አባቴ ይሙት አልመጣም!»

«ፖሊስ አለ።»

«ፖሊስ እዚያም ነበረ።»

ቲጃኒ አሰበ። ከዚያ የደላላ አእምሮው በራ። «ከፖሊስ የሚበልጥ አለኝ» አለ።

በማግስቱ አጋሮ ወረደ። ሐጂ ጠሃን በረንዳቸው ላይ አገኛቸው፤ ስኳርና የታሰረ ጫት አጠገባቸው አኖረና ተቀመጠ።

«ሐጂ፣ ከነቦና ጋር እዚሁ አጋሮ ኳስ የሚጫወቱ እንግዶች ሊመጡብኝ ነው። አደራ ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከጅቡቲ። ባሕር ተሻግረው ማለት ይቻላል።»

«ጅቡቲ ባሕሩ ወዲህ ነው» አሉ ሐጂ። «ለሐጅ ስሄድ ከአውሮፕላን ላይ አይቼዋለሁ።»

«ከባሕሩ ዳር ማለቴ ነው። ሰውየው የልጆቼን ደህንነትና ክብር ማን ይጠብቅልኛል ሲለኝ፣ የርስዎን ስም ጠራሁ።»

«ደህንነታቸውንና ክብራቸውን።»

«ክብራቸውን በተለይ!» ቲጃኒ ሲያሻሽጥ ልኩን አያውቅም። «ደህንነት እንኳ፣ ወላሂ፣ የወደቀ ይነሣል። ክብራቸውን ግን እርስዎ እያሉ ጭረት እንዳይነካው!»

ሐጂ ጠሃ ጢማቸውን ያዙና ወደ ማሳው አዩ።

«ከባድ ነገር ነው ያሸከምከኝ፣ ልጄ።»

«ለርስዎ ይከብድዎታል?»

«ለኔስ አይደለም። ልጆቻችን ይችሉት ይሆን ወይ እያልኩ ነው።»

ቲጃኒ ልጆች ሲባል ድንጋይ የሚወረውሩትን አሰበ። «ይችላሉ! እርስዎ ካሉ ይችላሉ!»

«ኤዬ» አሉ ሐጂ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ተቀብያለሁ።» ዱአ አደረጉ፤ ቲጃኒም አሚን አለ። ከአሚኖች ሁሉ ጮክ ያለው የሱ ነበር።

ነጭ ሞገዶች በጥር አጋማሽ መጡ። ጅማ አድረው ረፋዱ ላይ አጋሮ ገቡ። ከተማው ነቅሎ ወጣ። ድንጋይ የያዘ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሜዳው ዙሪያ ያለውን ጠጠር ሽማግሌዎቹ ሲያስለቅሙ አምሽተዋል፣ እንግዳ ቢወድቅ ጉልበቱ እንዳይላጥ።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ኡመይር ከጨዋታ በፊት ተጫዋች ቀለል ያለ ነገር ነው የሚበላ ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። የቀረበው ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ ያለው። ከገንፎው በኋላ ሩዝና የፍየል ሥጋ፣ ከሥጋው በኋላ እርጎ፣ ከእርጎው በኋላ ማር መጣ። እምቢ ያለውን ተጫዋች ሽማግሌ በእጁ ያጎርሰዋል፤ ሽማግሌ የዘረጋውን እጅ የሚመልስ አፍ ደግሞ በጅቡቲም የለም። አንድ የመስመር ተጫዋች ቀበቶ የሌለው ቁምጣውን ሊያላላ ሲታገል ታየ።

ቲጃኒ ደስ አለው። «እነዚህ እንኳን ሊሮጡ፣ ሊነሡም አይችሉ» አለ ለሲሃም። «ቦና ዛሬ እንደ ፈለገ ነው የሚሆነው።»

ከሜዳው ማዶ ዋርካው ሥር ሐጂ ጠሃ የአጋሮን ልጆች ሰብስበው እየተናገሩ ነበር። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ።

«አየሽ? ምርቃት ነው» አለ ቲጃኒ።

«ምርቃት ነው» አለች ሲሃም። «ፊታቸው ግን የተመረቀ ሰው ፊት አይመስልም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ቦና ሁለት ተከላካይ አለፈ፤ ሦስተኛው ራሱ በገንፎው ክብደት ተቀመጠ። በረኛው ወጣ። ጎሉ እንደ ገበያ ቀን በር ወለል አለ። ቲጃኒ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ቦና ኳሷን ቆም አድርጎ አያት፣ ዞረ፣ ወደ መጣበት መልሶ አቀበላት።

የቲጃኒ እጅ ሰማይ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ሙከራ ቋሚውን መታ። ሦስተኛው ያንኑ ቋሚ፣ ያንኑ ቦታ መታ። ቀጥሎ የእንግዶቹ ተከላካይ ሲወድቅ ኳሷን በእጁ አቀፋትና ዳኛው ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰጠ። ቦና ኳሷን አስቀመጠ፣ ቢስሚላህ አለ፣ መታ። ቋሚው ላይ ቀድሞ የቆሰለው ቀለም እንደገና ረገፈ። ተመልካቹ መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ዞረና ማጉረምረሙ ቀረ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ከዚያ ወዲያ ኳስ በወጣች ቁጥር አጋሮ ያጨበጭብ ነበር።

ጎል አለማግባቱ ባልከፋ፤ እንግዶቹን ማስከበርም ነበረ። የእንግዶቹ አጥቂ እያለከለከ ሲመጣ ተከላካዮቹ እንደ ሰርግ ቤት አሳላፊ ግራና ቀኝ ተከፈሉለት። ሰውየው ጎል ፊት ብቻውን ቀረ። ትንፋሽ አጥሮት ኳሷን ወደ ገበያው አሻገራት። የአጋሮ በረኛ ሮጦ አመጣትና «አይዞህ፣ እንደገና ሞክር» ብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠለት። ዳኛው ይህ በየትኛው ሕግ እንደሚቀጣ ስላላወቀ ሌላ ቦታ አየ።

በእረፍት ሰዓት ቲጃኒ ቦናን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ጎተተው።

«ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

«ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እኔን አትየኝ። አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«ያንተ!» አለ ቦና፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «ክብራቸው ጭረት እንዳይነካው ብለሃል አሉ። አያቴ እንግዳን ጠርቶ፣ አብልቶ፣ በራሱ ደጅ ያሸነፈ ቤት ስሙ ይጠፋል አሉን። ቋሚውን መምታት ቀላል መሰለህ? አንዷ ልትገባብኝ ነበር እኮ!»

ቲጃኒ ወደ ሐጂ ጠሃ በረረ። ሐጂ ከሽማግሌዎች ጋር በጨዋታው የረኩ መስለው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ አደራውን አንሥቻለሁ! እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔው አነሣሁት!»

«ሱብሃነላህ። አደራ ጆንያ ነው እንዴ፣ የምትጭነውና የምታወርደው?»

«ልጁ እኮ እየታየ ነው! ዛሬ ካላገባ ሰውየው ጥሎት ይሄዳል!»

«ለኔም ልጄ ነው፤ አላዝንም ብለህ ነው?» አሉ ሐጂ። «ሦስት ጊዜ ቋሚ ሲመታ ሦስት ጊዜ ወግቶኛል። ግን ክብሩ ያንተ አይደለም፣ የኔም አይደለም፤ የእንግዶቹ ነው። ይቅርብን ካሉ እነሱ ራሳቸው ይበሉ።»

ቲጃኒ ሜዳው መሃል ቆመ። የኡመይር ልጆች ሣሩ ላይ ተጋድመው ሆዳቸውን ይዘዋል። ሄዶ ለኡመይር ቢነግረው፣ እስካሁን የታዘነላችሁ ናችሁ ማለት ነው፤ ይህም ራሱ ክብር መንካት ነው፤ ሰውየው አውቶብሱን አስነሥቶ ይሄዳል። ባይነግረው ቦና ማሳ ይገባል። ቲጃኒ በሕይወቱ ብዙ ዕቃ ከዋጋው በላይ አሽጧል፤ ሰውን ና ተሸነፍ ብሎ አሽጦ ግን አያውቅም።

ኡመይር ራሱ መጣ።

«አጥቂህ» አለ፣ «ሰባት በር ይከፍታል። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አንኳኩቶ ይመለሳል። ጎል ፊት የሚፈራ አይቻለሁ። የሚያፍር ግን፣ አባቴ ይሙት፣ ዛሬ ነው ያየሁት። አይሆነኝም።»

አይሆነኝም የምትለዋ ቃል ቲጃኒን ከየት መጣ ሳይባል እውነተኛ አደረገችው። ሁሉንም ነገረው፤ አደራውን፣ ዱአውን፣ ቋሚውን፣ ጭብጨባውን።

የኡመይር ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። በሾፌሮቹ አማርኛ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ሲሃም ጆሮዋን ይዛ ዞር አለች። ከዚያ ሸሚዙን አስተካክሎ ሐጂ ጠሃ ፊት ሄዶ ቆመ። እዚያ ሲደርስ አንደበቱ ታጠበ።

«ሐጂ፣ ስላበሉን አላህ ይስጥልን። ስለጠበቁንም እንዲሁ። አሁን ግን ክብራችንን መልሱልን፤ ራሳችን እንያዘው።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው። ከተመታን ተመታን። በምጽዋት ከመትረፍ ይሻላል።»

ሐጂ ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹም አብረው ተነሡ። ሐጂ እጁን ያዙት። «ጋሪዳ፤ መልካም ነው። እኔም ሸክሜ ወረደልኝ» አሉ፤ ወደ ሜዳው ዞረውም ዕድሜያቸው በማይፈቅደው ድምፅ ጮኹ፦ «ያ ቦና! ተፈትታችኋል!»

ቦና በሁለተኛው አጋማሽ አራት አገባ። የመጀመሪያውን ሲያገባ መረቡ ተበጠሰ፤ ሕዝቡ ደግሞ በልማድ ለቋሚው ሊያጨበጭብ ተነሥቶ ኳሷን ፈልጎ አጣ። ገንፎው የወረደላቸው ነጭ ሞገዶችም ለመጀመሪያ ጊዜ በእልህ ሮጡ፤ ሊያልቅ ሲል አንድ አገቡ። ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም ነበር፤ የአጋሮ በረኛ የእውነቱን ዘሎ ነው ያመለጠችው። ተጫዋቾቹ በዚያች ጎል ተቃቅፈው ተንከባለሉ። ኡመይር ከአራቱ ይልቅ አንዷን ሲያወራ ነው የተሰማ።

ካለቀ በኋላ ቲጃኒ ፈገግታውን አስቀድሞ ቀረበው። «አየህ? አራት!»

«አራቱን ተወው። አራት የሚያገባ አለኝ» አለ ኡመይር። «እኔን የገረመኝ ያላገባቸው ናቸው። አንድን ቋሚ ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ መምታት ማን ይችላል? ደግሞ ጎል ተከፍቶለት፣ አትንካ ስለተባለ ያልነካ አጥቂ! የኔዎቹን ውሃ ጠጡ ስላቸው እንኳ አይሰሙም። ልጁን እወስደዋለሁ።»

«እንግዲህ ቢሮ ገብተን እንነጋገር።»

«ካንተ ጋር? ልጁ አንተን መች ሰማ? እኔ የምነጋገረው ከሚሰማው ሰው ጋር ነው።»

«ወኪሉ እኔ ነኝ! ታፔላ አለኝ!»

ኡመይር ግን ወደ ሐጂ ጠሃ ሄዶ ጥያቄውን አቀረበ። ሐጂ ጠሃ ደነገጡ።

«ልጅ ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠየቃል እንዴ? ከብት ነው? ወግ አለው። ሽማግሌ ላክ።»

«ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ? እዚህ ማንን አውቃለሁ?» አለ ኡመይር። ዞር ዞር አለ። ዓይኑ ቲጃኒ ላይ አረፈ።

መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሐጂ ጠሃ ደጃፍ ላይ ቆሙ፦ ቲጃኒ፣ የመሃል ዳኛውና የእንግዶቹ አውቶብስ ሹፌር። ሦስተኛ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ነው። ግቡ ተብለው ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን እንደ ወጉ አልተቀመጡም። በፊት ለፊታቸው ሐጂ ከዘመዶቻቸው ጋር ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ቦና አንገቱን ደፍቷል። ቲጃኒ የራሱን ተጫዋች ከራሱ ተጫዋች አያት ለሌላ ሰው ሊለምን መቆሙን ያኔ ነው በደንብ የተረዳው።

«ምን ልትሉ መጣችሁ?» አሉ ሐጂ።

«ልጃችሁን ለልጃችን… ለክለባችን ልንጠይቅ ነው።»

«ክለባችሁ ጠባዩ እንዴት ነው?»

«አንገቱን የደፋ፣ ጨዋ ክለብ ነው።»

«ሲደፋ ዛሬ አይተነዋል» አለ አንድ ዘመድ።

«ቤት አለው?» ቀጠሉ ሐጂ።

«ስታዲየም አለው።»

«የራሱ?»

ቲጃኒ አውቶብስ ሹፌሩን አየ። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «ከሌሎች ጋር በጋራ።»

«ተከራይ ነው እንበል» አሉ ሐጂ። «ይጠጣል?»

«ክለቡ?»

«ክለቡ።»

«ኧረ ምን ማለትዎ ነው ሐጂ! ሙስሊም ክለብ ነው!»

«እሺ። ማሳዬንስ ማን ይጎነድልልኛል? ልጁ ሄደ፤ ያረጀው ቡና እኔን ነው የሚጠብቀው።»

ቲጃኒ ለገዢ መቆሙን ረሳ፤ ለሻጭ መቆሙንም ረሳ፤ የታየው ጥግ ላይ ያለው ልጅ ብቻ ነበር። «እኔ እጎነድላለሁ!» አለ።

«አንተ?»

«እኔ።»

ዳኛው ያፏጨ ያህል በአፍንጫው ተነፈሰ። ሐጂ ጠሃ ከዘመዶቻቸው ጋር ተያዩ።

«ጥያቄያችሁን ሰምተናል። እናስብበት። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ሐጂ፣ አውቶብሱ ጧት ይነሣል!»

«በአንድ ጥያቄ እሺ ያለ ቤት ልጁን የጣለ ቤት ነው። የኛ ወግ ይህ ነው።»

ቲጃኒ ሁለቱን ሽማግሌዎች ክንዳቸውን ይዞ ወጣ። በረንዳው ላይ ቆመ። ቤቱን ዞሩት፤ አንድ ጊዜ በጓሮ በኩል፣ ዶሮዎቹን አስነሥተው። ከዚያ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ቲጃኒ። «ባለፈው መጥተን ሌላ ቀን ተመለሱ ተብለን ነበር።»

ሐጂ ጠሃ ከፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ አዩት። «ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ። «ከርማችኋል። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ጭቃ ነው፣ ሐጂ» አለ ሹፌሩ፤ እሱም ገብቶት ነበር።

«እንግዲህ ደጋግማችሁ ከመጣችሁ፣ ምን እንላለን፤ ሰጥተናል። ተቀመጡ።»

ጧት አውቶብሱ ሲሞቅ ቦና አንዲት ቦርሳ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የአያቱን እጅ ሳመ፤ ቲጃኒን አቀፈው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«እዚያ ስደርስ… ጎል ላግባ?»

ቲጃኒ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ልጁ ግን የሚያየው አያቱን ነበር።

«እዚያ እንግዳው አንተ ነህ» አሉ ሐጂ። «አግባ።»

አውቶብሱ ወደ ጅማ መንገድ ታጠፈና አቧራው ቀረ። ሲሃም ዓይኗን ጠረገች። ቲጃኒ ከሐጂ ጠሃ ጎን ቆሞ፣ በነገሩ ማን ማንን እንደ ወከለ እያሰበ፣ ምንም ሊደርስበት አልቻለም።

«ቲጃኒ» አሉ ሐጂ።

«አቤት ሐጂ።»

«ትናንት ሦስት አባቶች ጠየቁኝ። አንዱ ከጌራ፣ ሁለቱ ከዚሁ፤ ልጆቻችን ይሮጣሉ፣ ተቀምጠው ይነጋገሩልን ብለው። ያ ቢሮህ ጧት በስንት ሰዓት ነው የሚከፈት?»

«ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሐጂ።»

«ረፍዷል» አሉ። «ሰው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው ጉዳዩን የሚጨርሰው። አንተ ማሳው ላይ ስለምትውል፣ ልጅቷ ቁልፉን ለኔ ትስጥ።»

ሲሃም ቲጃኒን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች።